ሲሶ ናፍጣ፦ ጣና ዳር የቆመች የአንዲት ሣር ማጨጃ ጉዳይ

በሰኔ 2013 ዓ.ም. ሁለተኛ ሳምንት፣ ክረምቱ በወጉ ከገባ በኋላ፣ የግቢያችን ሣር ጉልበት ደረሰ። የምሠራው ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ማረፊያ ውስጥ ነው፤ የጥገናው ኃላፊ ነኝ። ሣር የለበሰው መሬት ሁለት ሄክታር ያህላል። ከታች በኩል ደንገሉ ነው፣ ከደንገሉ ወዲያ ጣና። ከውኃው አጠገብ ያለውን ሣር ሌሊት የሚወጡት ጉማሬዎች ያለ ክፍያ ያጭዱልናል። የቀረውን የምታጭደው ተቀምጠው የሚነዷት ባለ ሦስት ሲሊንደር የናፍጣ ማሽን ናት፤ እሷ ደግሞ ከቆመች አስራ አምስት ወር ሆኗት ነበር።

ያን ጊዜ እሷን አስነስቶ ሣር ላይ ለማውጣት አራት ቀን ፈጀብን። ከሦስት ዓመት በኋላ ያችኑ ማሽን ስምንት ወር አቁመን ስናስነሳት ግን ሥራው አንድ ጠዋት እንኳን አልሞላም። ማሽኗ አልተለወጠችም፤ ሰዎቹም እኛው ነን። የተለወጠው የቆመችበት መንገድ ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ብዙም ሳይቆይ ማረፊያው ባዶ ቀረ፤ ሠራተኛውም ተራ በተራ ወደየቤቱ ገባ። የመጨረሻውን አጨዳ ያጨዱት ሁላችንም «አያ» የምንላቸው አዛውንት አትክልተኛችን ናቸው። ሲጨርሱ ማሽኗን ከጀነሬተሩ ክፍል ጎን አስጠጓት፤ ቁልፉን ነቀሉ፤ ዝናብ እንዳያገኛት ብለው በወፍራም ላስቲክ ጥብቅ አድርገው ጠቀለሏት። በሰልባትዮው፣ ማለት በናፍጣ መያዣው ውስጥ የነበረው ናፍጣ ሲሶ ያህል ነው። ወሩ በጋ ቢሆንም ሣሩን ከሐይቁ በፖምፓ እየሳብን ስለምናጠጣ፣ ከሆዷ ሥር ሦስቱን ቢላዎች በያዘው ሰሃን ውስጥ እርጥብ ሣር እንደ ምርጊት ተለጥፎ ነበር። ባትሪው እንደታሰረ ቀረ። በዚህ ሁሉ አያን አልወቅሳቸውም። እንዴት እንደምትቀመጥ መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ «ለሁለት ሳምንት ነው» ብዬ ነበር።

ላስቲኩን ስንገልጥ ሞቅ ያለ የሻጋታ ሽታ ወጣ። ከዝናብ ያድናታል የተባለው ላስቲክ ከመሬት የሚነሳውን እርጥበት ውስጥ አፍኖ ይዞት ኖሯል፤ የሰሃኑ ጠርዝ በእጅ ሲነካ እንደ ቂጣ ተቆረሰ። ሁለት ጎማዎች ተኝተዋል። ባትሪውን ስለካው 3.8 ቮልት አነበብኩ። ጤነኛና ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሥራ ሳይኖርበት ከ12.6 እስከ 12.7 ያሳያል፤ ከ12.4 ወርዶ ረጅም ጊዜ ከቆየ በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ላይ የሚጋገረው ጨው እየጠነከረ ሄዶ ዳግመኛ ኃይል አልቀበል ይላል። የእኛው ከዚያ መስመር ካለፈ ዓመት ሳይሞላው አልቀረም። ከግቢው ፒክአፕ በካቦ ኃይል ሰጠናት። መብራቷ በራ፤ ሞተሩን አዙራ የምታስነሳው ሞተሪኖዋ ግን ድምፅ እንኳን አላሰማችም።

ከከተማ የጠራነው ወጣት መካኒክ ቀልጣፋ ነበር፤ ከሚገባው በላይ ቀልጣፋ።

«ሞተሪኖውን በካቻቢቴ ላገናኘው፤ አንድ ጊዜ ከዞረች ይበቃታል» አለኝ።

ይህን ብዙ ጋራዥ ውስጥ አይቼዋለሁ፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል። በዚህ ዓይነት ማሽን ላይ ግን አይደረግም። ሠሪው አምራች ሰው መቀመጫው ላይ ካልተቀመጠ፣ ቢላዎቹ ካልተላቀቁ፣ ማሽኗም ከማርሽ ካልወጣች ሞተሩ እንዳይዞር ብሎ ተከታታይ ማብሪያዎችን አስሮባታል። በካቻቢቴ ሲያገናኙት እነዚህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይዘለላሉ። ማሽኗ በማርሽ ላይ ከሆነች የምትነሳው ከፊት ለፊቷ ወይም ከጎማዋ አጠገብ በተንበረከከው ሰው ላይ ነው። በትራክተር ላይ ሰው የሚሞትበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው። ስለዚህ ካቻቢቴውን ተቀብዬ መቀመጫውን አነሳሁት። የአይጥ ጎጆ! የተበጣጠሰ የናፕኪን ወረቀት፣ ጥጥ፣ የደረቀ ሣር፤ መሐል ላይ ደግሞ ከመቀመጫው ማብሪያ የሚወጡት ሁለት ሽቦዎች ተበልተው መዳባቸው ይታያል። ማሽኗ ሰው አልተቀመጠብኝም ብላ ነበር የታቀበችው፤ እውነቷን ነው። ሽቦውን ቀጥለን፣ በቴፕ ጠቅልለን፣ አያን አስቀምጠን ቁልፉን ስናዞር ሞተሪኖዋ ዞረች። የመጀመሪያው ቀን በዚህ አለቀ።

በሁለተኛው ቀን ዞረች እንጂ አልነሳ አለች። ወጣቱ አሁን ደግሞ ጨርቅ በቤንዚን አርሶ አየር መሳቢያው አፍ ላይ ሊይዝ ተዘጋጀ። ከዓባይ ማዶ ያስመጣናቸው አንጋፋ መካኒክ ያን ጊዜ ደረሱ። በወጣትነታቸው፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ በተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ የእርሻ መሣሪያ የተማሩ ሰው ናቸው። ጨርቁን አይተው ሰላምታ እንኳን ሳይሰጡ፣ «ጣለው ልጄ፤ ውስጡ እሳት እኮ አለ» አሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ የእሳት ብልጭታ የለውም። አየሩን ብቻ ይስብና ከሃያ እጥፍ በላይ ይጨምቀዋል፤ አየሩ ከመጨመቁ የተነሳ ይግላል፤ ናፍጣው በጋለው አየር ላይ ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። በቀዝቃዛ ጠዋት ያ ሙቀት ስለማይበቃ በየሲሊንደሩ አንድ ማሞቂያ ካንዴላ ተተክሏል፤ ቁልፉ በግማሽ ሲዞር ይግላል። ቤንዚን ወይም ኤተር እዚያ ውስጥ ከገባ ፒስተኑ ገና ወደ ላይ በመውጣት ላይ እያለ ሊፈነዳ ይችላል፤ የሚሰበረው የፒስተን ቀለበት ወይም ዘንግ ነው፤ እጁን እዚያ ያስጠጋው ሰውም ሊጎዳ ይችላል። ባሕር ዳር ደግሞ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሞተሩ የሚስበው አየር ወደብ ላይ ከሚያገኘው በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። እዚህ ለሚነሳ የናፍጣ ሞተር የካንዴላዎቹ ጤንነትና የባትሪው ጉልበት ከታች ቆላ ካለው ይልቅ ይፈለጋሉ ማለት ነው።

መካኒኩ ያደረጉት የመጀመሪያ ነገር ሞተሩን መንካት አልነበረም። ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ጠየቁና ከሰልባትዮው ታች ያለውን ማፍሰሻ ከፍተው ሞሉት፤ ጠርሙሱን ግንቡ ላይ አስቀምጠው ሻይ ጠጡ። ከሻዩ ስንመለስ በጠርሙሱ ውስጥ ሦስት ነገር ተደርቦ ታየ። ከላይ ናፍጣ፤ ከታች ውኃ፤ በመካከላቸው ቡናማ፣ እንደ አብሽ የሚዝለገለግ ንብርብር። ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ሁልጊዜ ይዘቅጣል፤ ሞተሩ የሚስብበት ቱቦ ያለው ደግሞ ከታች ነው። መካከለኛው ንብርብር ሕይወት ያለው ነገር ነው፦ በውኃና በናፍጣ ድንበር ላይ የሚባዙ ረቂቅ ተሕዋስያንና ሻጋታ፣ ናፍጣውን እየበሉ የሚያድጉ። ያለ ውኃ አይኖሩም። ፊልትሮውን ስንፈታው በዚሁ ልጋግ ተደፍኗል።

ውኃው ከየት መጣ? በዚህ ላይ ከመካኒኩ ጋር ትንሽ ተከራክረናል። እሳቸው ጥፋቱን በሲሶው ናፍጣ ላይ አደረጉት። ሰልባትዮው ሲሶ ከሆነ ሁለቱ እጅ አየር ነው፤ የጣና ዳር አየር ደግሞ እርጥብ ነው። በታኅሣሥና በጥር ቀኑ ይሞቃል፤ ሌሊቱ ወደ አስር ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ቀን የተነፈሰው ሰልባትዮ ሌሊት እርጥብ አየር ይስባል፤ እርጥበቱም በቀዘቀዘው ግድግዳ ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። አስራ አምስት ወር እንደዚህ። ልክ ናቸው፤ ግን ከጤዛ ብቻ አንድ ብርጭቆ ተኩል ውኃ የሚገኝ አልመስል አለኝ። ናፍጣ የምንቀዳበትን ቢጫ ጀሪካን ሄጄ አየሁት፤ ክዳኑ ከጠፋ ቆይቷል፤ የቆመው ከጣሪያ ውኃ መውረጃ አጠገብ ነው። እንግዲህ የተወሰነውን ውኃ ራሳችን ቀድተን ጨምረናል። ጀሪካኑ በዚያው ቀን ከናፍጣ ሥራ ተሰናበተ፤ አሁን አሸዋ እንለካበታለን።

ሦስተኛው ቀን ለሰልባትዮው፣ ለቱቦውና ለፊልትሮው ነበር። ሰልባትዮውን አውርደን በንጹህ ናፍጣ ሦስት ጊዜ አጠብነው። የአየር፣ የዘይትና የናፍጣ ፊልትሮዎች ተቀየሩ፤ ዘይቱም እንዲሁ። ያገለገለ ዘይት አሲድና እርጥበት ይዞ ይቀመጣል፤ ማሽን ሲቆም የሚዞሩትን ክፍሎች የያዙትን ኩሽኔቶች የሚነክሰው እሱ ነው። ራዲያተሩ ውስጥ ያገኘነው ውኃ የሸክላ ቀለም ነበረው። ባሕር ዳር በረዶ ስለማይጋገርባት ፀረ በረዶ ፈሳሹን ብዙ ሰው እንደ ቅንጦት ያየዋል፤ እኛም በቧንቧ ውኃ ሞልተናት ኖሯል። የፈሳሹ ሌላ ሥራ ዝገት መከላከልና የውኃውን መፍያ ከፍ ማድረግ ነው፤ በዚህ ከፍታ ንጹህ ውኃ በ94 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ለእኛ ትርፍ ነገር አይደለም።

ከዚያ አየር ማስወጣት። የናፍጣ መስመር ባዶ ከሆነ በውስጡ ያለው አየር እንደ ስፖንጅ እየተጨመቀ ናፍጣውን አላሳልፍ ይላል። በፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን ብሎን አላልተን፣ በእጅ ፖምፓው እየገፋን፣ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ ጠበቅን። ከናፍጣ ፖምፓው ወደ ሲሊንደሮቹ በሚሄዱት ቀጫጭን ቱቦዎች ላይ ግን መካኒኩ እጃችንን አላስነኩንም። እዚያ ያለው ግፊት ከመቶ ባር በላይ ነው፤ የመኪና ጎማ ሁለት ባር ተኩል ቢይዝ ነው። በዚያ ግፊት የሚረጭ ናፍጣ ለዓይን ሳይታይ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ ቁስሉ እንደ መርፌ ነጥብ ትንሽ ቢመስልም ወዲያው ካልታከመ ጣት ያስቆርጣል። ፍሳሽ የሚፈለገው በካርቶን ነው እንጂ በመዳፍ አይደለም።

ከማስነሳታችን በፊት ናፍጣውን የሚከፍተውን የኤሌክትሪክ ቫልቭ ሽቦ ነቀሉት። ያለ ናፍጣ አስር ሰከንድ አዞሩ፤ አንድ ደቂቃ አረፉ፤ እንደገና አስር ሰከንድ። አስራ አምስት ወር የደረቀ ሞተር ዘይቱ ወደ ላይ ሳይደርስ በሙሉ ፍጥነት ቢነሳ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች የሚበላው ብረት ነው። ዕረፍቱ ለሞተሪኖው ነው፤ አለበለዚያ ይቃጠላል። በሦስተኛው ዙር የዘይቱ መብራት ጠፋ። ሽቦው ተመለሰ፤ ካንዴላዎቹ አስር ሰከንድ ጋሉ፤ ቁልፉ ዞረ። ነጭ ጭስ አንድ ደመና ሙሉ ከጭስ ማውጫዋ፣ ከማርሚታው ተተፋ፤ ሞተሯም አንዴ ተንገዳግዳ ተነሳች። ነጩ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ ሲሞቅ ይጠራል። አያ አጨበጨቡ።

ሰባት ደቂቃ ሠርታ ጠፋች።

እንደገና አየር አስወጣን፤ ተነሳች፤ በሰባት ደቂቃ ገደማ ጠፋች። ወጣቱ መካኒክ ፖምፓው ሞቷል አለ፤ አንጋፋውም ዝም አሉ። እኔ ያን ሌሊት አዲስ ፖምፓ የሚገኝበትን መንገድ ሳወጣና ሳወርድ አደርኩ። በአራተኛው ጠዋት ነገሩን የፈቱት አያ ናቸው። ማሽኗ ስትጠፋ የሰልባትዮውን ክዳን ከፈቱና፣ «ትንፋሽ አጥሯታል፣ ስትከፈት እፎይ አለች» አሉ። እውነትም አየር ወደ ውስጥ ሲገባ የሚያሰማው ድምፅ ነበር። ናፍጣ ሲቀንስ በምትኩ አየር የሚገባባት ቀጭን የመተንፈሻ ቱቦ አለች፤ ጫፏን ስናየው ጭቃ ሠሪ ተርብ ቤቷን ሠርታ ደፍናዋለች። አጥበን ስናስወግድ እንደ ዶቃ የደረቀ ጭቃ ወጣ። ፖምፓው ከተደፈነው ሰልባትዮ መሳብ የሚችለውን ያህል ስቦ ሲያበቃ፣ ሰባት ደቂቃ ላይ፣ ሞተሩ ይራባል። ይህን ያህል ነበር። ፖምፓው እስከ ዛሬ ያው ነው።

የዚያ ቀን ቀሪው ለሰሃኑ ሄደ። በውስጡ የተጋገረው ሣር እርጥበት አምቆ ብረቱን በሁለት ቦታ በስቶታል፤ ከሦስቱ የቢላ ኩሽኔቶች ሁለቱ ዝገው ተጣብቀዋል፤ ቢላዎቹን የሚያዞረው ቺንጋ በተቀመጠበት ቅርጽ ደርቋል። ከታች ስንሠራ ባትሪውን ፈትተን ነው፤ ማሽኗም የቆመችው በክሪክ ላይ ብቻ ሳይሆን በወፍራም ግንድ ላይ ነው። ክሪክ ይከዳል።

ጥቅምት 2016 ዓ.ም. ላይ ሥራው እንደገና ቀዘቀዘ፤ ማሽኗም እንደምትቆም ታወቀ። በዚህ ጊዜ ግማሽ ቀን ሰጠናት። አያ ሰሃኑን ገልብጠው በእንጨት ፋቁ፤ አጠቡት፤ ካደረቁት በኋላ ዘይት ቀቡት። በማርሚታው ዙሪያ የተጠራቀመውን ደረቅ ሣር ለቅመው አወጡ፤ እኛ ጋ የሣር ክዳን ጎጆዎች ስላሉ የጋለች ማሽን ወደ መጋዘን አትገባም፤ ውጭ ትቀዘቅዛለች። ዘይቱን ከማቆማችን በፊት ቀየርን፤ አዲሱ ዘይት ሁሉም ጋ እንዲደርስ ጥቂት ደቂቃ አስነሳናት። የራዲያተሩን ፈሳሽ አየን። የፊልትሮውን ውኃ አፈሰስን። ሰልባትዮውን እስከ አፉ ሞላነው፤ አየር የሌለበት ሰልባትዮ ጤዛ አያወርድም።

ይኸኛው ለሒሳብ ክፍሉ ማስረዳት ቀላል አልነበረም። ናፍጣ በወረፋ በሚገኝበት ከተማ ሙሉ ሰልባትዮ ለስምንት ወር አስቀምጡ የሚል የጥገና ኃላፊ ጤንነቱ ይጠረጠራል። የተስማማነው ክዳኑ ላይ ቁልፍ በማድረግ ነው። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ በየሳምንቱ ለአምስት ደቂቃ ትነሳ የሚል ሐሳብ ነበራቸው፤ ጀነሬተሮች ላይ የለመዱት ነው። እምቢ አልኩ። አምስት ደቂቃ ሞተሩን አያሞቀውም፤ ባትሪውም ለማስነሳት ያወጣውን አይመልስም፤ ያልተቃጠለ ናፍጣና እርጥበት ዘይቱ ውስጥ ይጨምራል። ወይ እስክትግል ትሥራ፣ ወይ ትተኛ።

ባትሪው ወጣ፤ ቀድሞ አሉታዊው ጫፍ ተፈትቶ ነው፤ አወንታዊውን አስቀድመው ሲፈቱ መፍቻው የማሽኗን ብረት ከነካ እሳት ይረጫል። አያ ከሲሚንቶ ወለል ላይ ባትሪ አይቀመጥም ብለው ጣውላ አነጠፉለት። የዛሬ ባትሪ በሲሚንቶ አይጎዳም፤ ጣውላውም አይጎዳውም፣ ተውኩት። በየወሩ ልኬቱን ግድግዳው ላይ በከሰል እንዲጽፉልኝ ጠየቅሁ፤ ከ12.4 ሲወርድ ቻርጅ ይደረጋል። ማሽኗ በአራት ግንድ ላይ ተነሳች፤ የእጅ ፍሬኑ ተለቀቀ፤ ቺንጋው ላላ። በላስቲክ ፋንታ አየር የሚያሳልፍ አቡጀዴ ለበሰች። ሦስት ቦታ ጨርቅ ተወተፈ፦ ማርሚታው፣ አየር መሳቢያውና የመተንፈሻ ቱቦዋ ላይ። በእያንዳንዱ ጨርቅ ላይ ቀይ ክር ተንጠለጠለ፤ ግድግዳው ላይም «ጨርቅ 3» ተብሎ ተጻፈ። ቁልፉ የተሰቀለው ከዚያ ጽሑፍ ሥር ነው።

በሰኔ 2016 ዓ.ም. ባትሪው 12.6 አነበበ። ከፊልትሮው ታች የወጣው ናፍጣ ጥርት ያለ ነበር፤ የውኃ ጠብታ የለበትም። ዘይቱን አየን፤ ከመቀመጫው ሥር አይጥ እንደሌለ አረጋገጥን፤ ቺንጋውን አጠበቅን። ጨርቆቹን ስናወጣ ሁለት ሆኑ። የማርሚታው የለም።

ቁልፉ ከተሰቀለበት አልተነሳም። ማርሚታውን ፈትተን በመብራት አየነው፤ ባዶ ነው። የአየር ፊልትሮውን ቤት ከፈትን፤ መጋዘኑን ጠረግን፤ ግንዶቹን አነሳን። አንድ ሰዓት ያህል ሄደ። አያ ተስፋ ቆርጠው ወደ በሩ ሲሄዱ ዘበኛውን አዩት፤ ቀዩ ክር ከዱላው እጀታ ላይ ተንጠልጥሏል። ሌሊት እጁን ሲበርደው ጨርቁን ጠቅልሎበት ኖሯል።

ማሽኗን ወደ ደጅ ገፍተን አወጣናት። ያለ ናፍጣ ሁለት ጊዜ አዞርናት፤ ካንዴላዎቹ ጋሉ፤ አያ ወጥተው ተቀመጡ። በሁለተኛው ሙከራ ተነሳች።